ሦስት ቀን ለ4,377 ሜትር

የሦስት ቀን ዕረፍት ተገኝቶ «ልጆቹን ባሌ እንውሰዳቸው» የተባለ ዕለት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የሚለው ነው። መልሱ አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ከተማ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጁ፣ ስንቁ፣ የመኝታው ወጪ ሁሉ ከዚሁ ቁጥር ይመነዘራል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ስለሚሄዱበት ቦታ ግን ምንም አይናገርም። ባሌ የሚለካው ወደ ላይ ነው።

የፓርኩ ታችኛ ጫፍ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ላይኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ 4,377 ሜትር። አዲስ አበባ ላይ አንገታችንን አስግገን የምናየው የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው። አሥራ ሦስት እንደሱ ያለ ሕንፃ አንዱን በአንዱ ላይ ብትደረድሩ ከፓርኩ ግርጌ ተነስታችሁ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ አትደርሱም፤ ገና 160 ሜትር ይቀራችኋል። ደግሞ ይህን ሁሉ ከፍታ ለመውጣት ገመድም፣ የበረዶ ጫማም፣ የተራራ ወጪ ጉልበትም አያስፈልግም። የመኪና መንገድ አለው። ከጎባ ከተማ ተነስቶ ሳኔቲ አምባን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ 4,000 ሜትር ላይ ያሳልፋችኋል፤ ከዋናው መንገድ የምትገነጠለው ቅያስ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ ትወስዳለች። የጃፓኑ ፉጂ ተራራ ቁመቱ 3,776 ሜትር ነው፤ ሰዎች እዚያ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ በእግር ሲወጡ ያድራሉ። እኛ ከፉጂ ጫፍ በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብለን፣ ከኋላ ወንበር ላይ ልጅ «ብስኩት አለ?» ይለናል።

የቆዳ ስፋቱም ቀላል አይደለም፤ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን አራት ጊዜ ይውጣል። ስለዚህ በሦስት ቀን «ፓርኩን እናያለን» የሚል ካለ ከወዲሁ ይተወው። የሚቻለው ከታች እስከ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ማየት ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ጉዞው። የዘንድሮውን መንገድና የአካባቢውን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው አጣርቶ መነሳት ያለ ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በሻሸመኔ፣ ሌላው በአሰላ። እኔ የአሰላውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ይኸው የከፍታ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ 2,355 ሜትር ተነስተው በፈጣኑ መንገድ አዳማ ሲደርሱ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወርደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ዳገት ነው። ከአሰላ ቀጥሎ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በቆጂ አለች፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ከተማ። አንዲት አነስተኛ ከተማ ይህን ያህል የኦሎምፒክ ወርቅ መሰብሰቧን ለልጆች ለመንገር ከመኪናው ወርዶ አንድ መቶ ሜትር ብቻ ማሯሯጥ ይበቃል። የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል «ለምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

መልሱ ይኸው ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ተራራ ላይም አይለወጥም። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን ኦክስጅን 100 ብንል አዲስ አበባ ላይ 75 ገደማ ይሆናል። ሳኔቲ ላይ 61፣ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ደግሞ 58 ገደማ። እኛ የሸገር ሰዎች ዕድሜ ልካችንን ሩቡ በጎደለ አየር እየኖርን ልብ አንለውም። ለባሌ ጉዞ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ደማችን ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ተለማምዶታል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጡ የአጎት ልጆች አብረው ካሉ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እነሱ ከ100 ተነስተው ነው ወደ 58 የሚሄዱት። ከአውሮፕላን በወረዱ ማግስት ሳኔቲ ላይ ማውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጋበዝ ነው። ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ይደሩ፣ ዘመድ ይጠይቁ፤ ደማቸውም በዚያው ይሰናዳ።

የተራራ ላይ ሕክምና የሚሰጠው ምክር ባጭሩ «ከፍ ብለህ ዋል፣ ዝቅ ብለህ እደር» የሚል ነው። ባሌ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ሳኔቲ ላይ ውለው ለአዳር ወደ አንዳቸው መመለስ ይቻላል። አምባው ላይ ድንኳን የመትከል ጀብዱ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤተሰብ አይደለም። ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን ራሱን እንዳመመው መናገር አይችልም፤ የሚያሳየው ጡት አለመጥባትና መነጫነጭን የመሰለ ምልክት ነው። ምልክቱ ከታየ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። መንገዱ ደግሞ በሰዓት ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተነሱ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዲንሾ መድረስ ነው። መግቢያው ላይ ከፍላችሁ፣ ከአካባቢው ማኅበር አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ የደጋ አጋዘኑን እዩት። እዚህ ጋ እንኳን ሕፃን አዋቂም የሚገረምበት አንድ ዓመተ ምሕረት አለ። የተባዕቱ ክብደት እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ የሚግጥ እንስሳ ነው። ሳይንስ ግን መኖሩን የሰማው እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ወደ ለንደን ከላከ በኋላ ነው፤ ስም የወጣለትም በ1910። አዳኙ ሲገድለው የአድዋ ጦርነት ካለቀ 12 ዓመት ሆኖታል፣ አዲስ አበባ ላይ አውቶሞቢል ታይቷል። ለዲንሾ ሰው ግን የጓሮ ጎረቤቱ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው ጥድና ኮሶ መካከል ሰው ሳይፈራ ይንጎራደዳል።

ሁለተኛው ቀን የሳኔቲ ነው፤ ሻንጣውን የምናሰናዳውም ለእሱ ነው። በደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሳኔቲ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የሣሩ ጫፍ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ ትለበልባለች። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ወግ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ጋቢም ሰፊ ባርኔጣም ይገባል። ያው ዕለት ከሰዓት ሐረና ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር ልጆቹ ሹራቡን አውልቀው ይጥሉታል። ስንቅም እንዲሁ ሒሳብ አለው። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሳኔቲ ላይ 87 ሳይሞላ ይንፎለፎላል። ሲንፎለፎል አይታችሁ የበሰለ እንዳይመስላችሁ፤ ፓስታው ልብ ልቡ ጥሬ ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ከቤት የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙስ የተያዘ ሻይ ከማንኛውም ምድጃ ይሻላል።

አሁን ወደ ሳኔቲው ቀይ ቀበሮ። ይህ ክፍል ካልተነገረ ልጆቹ «ቀበሮ አየን» ብለው ብቻ ይመለሳሉ፤ እኔ ደግሞ ያ ይቆጨኛል።

በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። በዓለም ላይ። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ። ዓለም የሚጨነቅለት፣ የቴምብርና የአሻንጉሊት ጌጥ የሆነው የቻይና ፓንዳ በዱር ያለው ቁጥር 1,800 ይሻገራል፤ ለአንድ ቀይ ቀበሮ ከሦስት የሚበልጥ ፓንዳ አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ተማሪ ያስተምራል። ልጃችሁ በመኪናው መስኮት ሦስት ቀበሮ ካየ፣ ከምድር ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ከ160 አንዱን በዓይኑ አይቷል።

እንዲህ ያነሱት ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ሳኔቲ በመጀመሪያ እይታ ባዶ ነው፤ ድንጋይ፣ አጭር ሣር፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎ እንደ ዘብ የቆመ ጅብራ። ሀብቱ ከመሬት በታች ነው። በባሌ አምባዎች ላይ ያሉ አይጥና ፍልፈሎች ሲመዘኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናሉ። ሁለት ቶን አይጥ! በዚያችው ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው ቀበሮ፣ በተመቸው ሥፍራ፣ አንድ ገደማ ነው፤ ክብደቱም 15 ኪሎ ግራም ያህል። ለአንድ ኪሎ ቀበሮ ከመቶ ኪሎ በላይ አይጥ ቀርቧል። ቀበሮዎቹ አብረው የሚኖሩት በመንጋ፣ ግዛታቸውን የሚያስከብሩትም በመንጋ ሲሆን አደኑን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ አይጥ ለመያዝ አጋዥ አያሻም። ቀበሮ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ታዲያ መጀመሪያ ፍልፈሉን ፈልጉ። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም። ትልቁ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ቀኑን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ውሎ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ጭንቅላቱን ያወጣል፣ በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዶ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ይሰወራል። መኪናውን አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቶ አንዲት ጉድጓድ መጠበቅ ነው። ዝም ማሰኘቱ ከሁሉ ይከብዳል።

የቀበሮውን ቁጥር ከሚያሳንሱት አንዱ በሽታ ነው። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ባሌን መቷል። በ2003 እና 2004 ወይብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። የ500ን ትንሽነት የሚያሳየኝ ይህ ነው፤ አንድ ያልተከተበ ውሻ በዓለም ቁጥር ላይ የሚታይ ጉድለት ያመጣል። ስለዚህ ውሻ ይዞ መሄድ አይታሰብም፤ የምግብ ትራፊም መንገድ ላይ አይጣል፣ ውሻውን ወደ አምባው የሚስበው እሱ ነውና። አምባው ላይም መኪናው ይዝግም። የተስተካከለው መንገድ የሚያጓጓው ሾፌር አንዲት ቀበሮ ቢገጭ፣ ከዓለም ቀበሮዎች ከ500 አንዱን ገጨ።

ፍልፈሉ ላይ ትንሽ ልመለስ፤ የሚያስደነግጠኝ ቁጥር እሱ ጋ ነው። በፓርኩ ውስጥ 3,469 ሜትር ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ጥግ አለ። የቅርስ ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ፤ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን እዚያ ይኖሩ ነበር። ምድጃቸው፣ አመዳቸው፣ የድንጋይ መሣሪያቸው ተገኝቷል። ዋና ምግባቸውም ይኸው ግዙፍ ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው ይበሉታል። መሣሪያ የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ሥፍራ ነው። የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ከፍታ ቤቴ ብሎ መኖሩን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች እጅግ ጥንታዊው ይህ ነው።

እስቲ ዘመኑን እንመዝነው። ላሊበላ ከተፈለፈለ 800 ዓመት ገደማ ነው። በፊንጫ ሀበራ የሰው ዱካ የተገኘበት ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 16,000 ዓመት ይሸፍናል፤ የላሊበላን ዕድሜ ሃያ ጊዜ። ያኔ ደግሞ የሳኔቲ አናት በረዶ ነበር። ቱሉ ዲምቱን የሚሸፍን ግግር በረዶ ወደ ሸለቆዎቹ ይወርድ ነበር፤ ሰዎቹ ባልጩት ለማምጣት የሚወጡት ወደ በረዶው ጠርዝ ነው። የዚያ ቅዝቃዜ አሻራ ዛሬም መሬት ላይ አለ፤ አምባው ላይ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የድንጋይ መስመሮች አሉ። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው መሬቱ ራሱ ነው፤ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ለየው። በሐሩር አካባቢ ይህን ያህል ግዙፍ መስመር ብርቅ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ የቆማችሁ ጊዜ፣ ከእግራችሁ ሥር በረዶ፣ ከታች በሸለቆው ደግሞ ፍልፈል ጠብሶ ልጆቹን የሚያበላ ቤተሰብ እንደነበረ አስቡት። ለአምስት ሰው ራት ስንት ፍልፈል ያስፈልግ እንደነበር ልጆቹ ያስሉ፤ የእኔው ልጅ «አራት» ብሏል፣ አባቱን ሳይቆጥር ይመስለኛል።

ከአምባው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚሆነውን ባጭሩ ልንገር፤ መታየት እንጂ መነበብ አይወድም። መንገዱ አምባው ጠርዝ ላይ ደርሶ ድንገት ይደፋል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ሽበት ያንጠለጠለ የመሰለ ደን፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው ሐረና። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል፤ ከሚበላው ከሦስት አራተኛ በላዩ ቀርከሃ ነው። ከዚያ በታች ማንም ያልተከለው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ጠዋት ውርጭ ላይ ተንሸራትተው ከሰዓት የጫካ ቡና ይጠጣሉ፤ ያውም በአንድ ታንክ ነዳጅ። ነዳጁ ግን ከጎባ ወይም ከሮቤ ከተማ ይሞላ፤ አምባው ላይ ማደያ የለም።

ሌላም ቁጥር አለ፤ 12 ሚሊዮን። ባሌ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ወይብ፣ ወደ ገናሌ፣ ወደ ዋቤ ሸበሌ ይገባል፤ ከታች በቆላው፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ፣ በዚህ ውኃ የሚኖረው ሕዝብ 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2023። ቀበሮውና አጋዘኑ የምዝገባው ፊት ገጽ ሆኑ እንጂ ለእኔ ውኃው ብቻውን በበቃው ነበር።

ወይብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ይሠራል፤ ከመሬት በታች ያሉት መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርሱ፣ በአገራችን ወደር የሌለው ዋሻ። «እዚህ ድረስ መጥተን ሳናየው?» የሚል ሰው ከመኪናው ውስጥ አይጠፋም። ከሮቤ ወደዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መመለሻም እንዲሁ። ሦስተኛውን ቀን ከበላ በኋላ የአዲስ አበባው 400 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ወደ ሌሊት ይገፋል። እኔ «በሌላ ዕረፍት» ባይ ነኝ፤ የማታ መንዳት በእንስሳ የተሞላ የአርሲ መንገድ ላይ ልጆች ጭኖ የሚሞከር አይደለም።

ይልቅ አንድ ነገር ሳትረሱ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ለልጆቹ ስጧቸው። በመልሱ መንገድ አዳማ 1,700 ሜትር ላይ ስትደርሱ ማንም ሳይነካው ተጨማድዷል፤ በውስጡ የታሰረው የተራራ አየር ሩብ ያህል ቦታ ለቋል። ክዳኑን ማን ይክፈት የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ቃሊቲ ያደርሳችኋል።